የቀረችው ትርሲት

ትርሲት ጠዋት የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ማሽኖቹን ታዳምጣለች፤ ወፍራም ጉምጉምታቸውን ሰምታ፣ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታቸውን አሽትታ፣ ደህና ማደራቸውን ታውቃለች። ሥርዓቱን የዘረጋችው ራሷ ናት። የታካሚ ካርድ ሲታረም የድሮው አይነካም፤ አዲስ ቅጂ ሌላ ቦታ ይጻፍና የታካሚው ስም ወደ አዲሱ ቅጂ ይዞራል። አሮጌውን ከዚያ ወዲያ የሚጠራው የለም፤ ቦታው ለሌላ እስኪፈለግ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ነርሶቹ "ኧረ አስጠበቀን!" ብለው ሲያማርሩ፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፉ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ሳያስጠብቅ እንዲለቃቸው አደረገች። መልእክቱ "እየተመዘገበ ነው" ሊል ይገባ ነበር። ለስክሪኑ ትንሽ ቁልፍ ረዘመባትና "ተመዝግቧል" አለችው። ወይ አንዲት ቃል! ሲስተር አልጣሽ የአንድ አዛውንት ሰውነት ፔኒሲሊን እንደማይቀበል ጻፈች፣ "ተመዝግቧል" የሚለውን አይታ ሄደች፣ መብራት ጠፋ፣ ጽሑፉ ሳያርፍ ቀረ። ሰውዬው በተወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ሞቱ።

ዛሬ አልጣሽ "አልጻፈችም" ተብላ ልትባረር ነው። ትርሲት እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። እፍረቱ እህል አላስቀምስ ብሏታል፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"በቃ፣ እናገራለሁ" ብላ ብድግ ስትል መብራቱ ጠፋ። በሩ እጇ ሳይነካው ተከፍቶ ተዘጋ። ነፋስ ነው ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ጨልሞ፣ በረኪናና የጄኔሬተር ጭስ ይሸታል፤ የእርምጃዋ ድምፅ ግን የለም። ጥበቃው ጋሽ በዛብህ ከቤተሰብ እስከ ጎረቤት ደህንነት ሳይጠይቁ ሰው የማያሳልፉ ናቸው።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?"

ዝም አሏት። ጥፋቴን ሰምተዋል ማለት ነው ብላ ፊቷ በእፍረት ነደደ፤ ደግ አደረጉ፣ ይገባኛል አለች በልቧ።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊም ቀና ብላ አላየቻትም። ለተላላኪዋ ብቻ ሹክ አለቻት፦ "ትርሲትኮ እያለቀሰች ገባች፣ ምስኪን።"

የዳይሬክተሩ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የገዛ ድምጿ ይሰማል።

"ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አልጣሽ ጽፋለች።"

የራሷን ሹራብ ለብሳ ጀርባዋን የሰጠችው ሴት ትንሰቀሰቃለች፤ አልጣሽ ተነስታ አቀፈቻት፣ "እግዜር ይስጥሽ" አለቻት። ያቺ ትከሻዋ ቀለል ሲላት ይታያል። እፍረቱ ግን በሙሉ እዚህ ደጅ፣ እንደ አሮጌው ካርድ በቀረችው ትርሲት ላይ ነው።

"አልጣሽ! እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች።

አልጣሽ ወደ በሩ መጣች፤ ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

"ማነው?" አሉ ዶክተሩ።

"ማንም የለም" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።