ከክኒኑ በፊት

«እመየ! ኧረ እመየ፣ ተነሽ!»

እማዋይሽ ጎንደር ፒያሳ ባለችው የጨርቅ ሱቋ ውስጥ፣ ባንኮኒው ሥር ተዘርራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዲህ ሆና ያገኘቻት ታየች የምትባለው ልጇ ደረቷን ዳሰሰች። ልቧ ያለ ቅጥ ይመታል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ታየች የምትሆነው ጠፍቷት ማልቀስ ጀመረች።

«ዝም በይ! ሸዋገነት ትሰማለች» አለች እናቷ ዓይኗን ገልጣ። ጎረቤታቸው ሸዋገነት ሰማች ማለት ጎንደር በሙሉ ሰማ ማለት ነው።

መዘዙ ክኒኑ ነው። በዚያ በንጉሡ ዘመን ውፍረት ያስመሰግን ነበር እንጂ አያሳፍርም። የእማዋይሽ ጉልበት ግን ክብደቷን አልሸከምም ብሎ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሐኪሙ ምግብ እያስጠላ የሚያከሳ ክኒን ሰጣትና «ቁርስ ሳትበይ እንዳትውጭው። ባያሰኝሽም ትንሽ ትንሽ ብይ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን። ውሃም አብዢ» ሲላት፣ ታየች አጠገቧ ቆማ ሰምታለች። ለመክሳት መድኃኒት የምትውጥ ሴት ደግሞ የሰፈር መሳቂያ ናትና ነገሩ በሁለቱ መካከል ቀረ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እማዋይሽ ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዷ በምራቋ ትውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። «ክኒን እህል አይደል፣ ጾም አያስገድፍም። እንዲያውም ጾሙ ያግዘዋል፤ ሁለት በሬ ሲጠመድ ሸጋ አይደል?» ትላለች። ሰዓቱ ደርሶ እህል ስትቀምስም አንድ ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ታየች ከእሷ ሌላ ሰው የላትም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምሩ እንኳ የምታየው የእናቷን ቀብር ነው።

«ለመምሬ ወልደኢየሱስ እንንገራቸው» አለች ታየች እናቷ አጠገብ ተንበርክካ እንባዋን እየጠረገች። የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ሊያነሱለት ይችላሉ።

«ለሥጋዋ ብላ ጾም ሻረች ልባል? ትንፍሽ ብትይ ልጀ አይደለሽም!»

ታየች ነገሩን ትታ እናቷን ደግፋ አነሳቻት። ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ መምሬ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቋቸው ወደ እነ ታየች ቤት መጡ። «ምነው እማዋይሽ፣ ጠቆርሽሳ?»

«ጾሙ ነው አባ።»

ጸልየው፣ መስቀል አሳልመው ወጡ። ታየች እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። «ልጀ አይደለሽም» የሚለው ቃል ትዝ አላት። እናቷን ባንኮኒው ሥር እንደተዘረረች አሰበቻት። ከዚያ የመምሬን ጋቢ ይዛ ሁሉንም ዘረገፈችው።

መምሬ ተመልሰው ወደ እማዋይሽ ገቡ። «እማዋይሽ፣ የታመመ አይጾምም። ጠዋት ብይ፣ ወተቱንም ጠጭ። ጾሙን እኔ አንስቸልሻለሁ» ብለዋት ሄዱ።

እማዋይሽ ያን ቀን ልጇን አላናገረቻትም። ሲነጋም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ታየች ወተት አፍልታ አጠገቧ ስታስቀምጥላት ኩባያውን ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«ክኒኔን አምጭ።»

«መጀመሪያ ወተቱን።»

«አንች ደግሞ ማን ነሽና?»

ታየች ፈራች። ውጭ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ እየተጣሩ አለፉ። ክኒኑን ካስቀመጡበት አንስታ በመዳፏ እንደጨበጠች ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች። «እስክትጠጭ እዚሁ ነኝ።»