ማዶ ምን አለ?

በዚያ ማክሰኞ ደመናው አርፍዶ ደረሰ፤ ያውም ከስቶ። ሦስት ሰዓት ላይ ሳቢው ከቆቦ ዳር ካለው ምሰሶ ጋር ሲያስረው መሬማ እንድሪስ በመስኮት አየችውና "ይኼ ደግሞ ምን ይባላል?" አለች። ሳቢ የሚሉት ከቀይ ባሕር ጉም እየሰበሰበ እስከዚህ ድረስ የሚጎትተውን ሰው አልባ የአየር መርከብ ነው። የውሃውን ሚዛን ስታነብ የፈራችው ሆነ። ሁለት ቀበሌ የጠየቀው ደመና ለአንዱም በጭንቅ ነው የሚበቃው።

መሬማ በደመና ክፍፍል ቢሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ጉልበቷ ያማታል፤ የምትቀመጥበት ወንበርም ከሷ የተሻለ ጤና የለውም። ሥራዋ ማን እንደጠየቀ መመዝገብ፣ ጥያቄውን ወደ ማዶ መላክ፣ መልሱን ጠብቆ ሳቢውን ማዘዝ ነው። ማዶ ማለት ባሕር ማዶ ያለው የዓለም አቀፉ የደመና ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ ሰዉ ሁሉ ማዶ ብሎ ተገላገለ። ማዶ በአርባ ደቂቃ ውስጥ "ጥያቄያችሁን በጥንቃቄ መርምረናል" ብሎ ይጀምርና ለእገሌ ይሁን ይላል። ያልደረሰው ማዶን ይራገማል። መሬማን ግን "አንቺ ምን ታደርጊ" ብሎ ተሰናብቷት ይሄዳል።

የዚያን ዕለት የጠየቁት ግራር ውሃና ቀይ ጭቃ ነበሩ። በሁለቱም ቀበሌ ማሽላው ሊያሸት ደርሷል፤ በዚህ ሳምንት ካልጠጣ አለቀለት። ቀይ ጭቃ ደግሞ የመሬማ አገር ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ሙሔ ዛሬም እዚያው ያርሳሉ።

ጥያቄውን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ላከች። አርባ ደቂቃው አለፈ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ አንድ ሰዓት ተኩልም ሞላ። ሰሌዳው ላይ "በመታየት ላይ ነው" ከሚለው በቀር ምንም የለም። ደመናው ከላይ ፀሐይ እየበላው ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት ቢቆይ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሙሔ ናቸው።

"ማዶ ምን አለ?"

"እስካሁን ምንም አላለም ጋሼ።"

"እነሱ ምን ቸገራቸው! እዚያ ዝናቡ ሲበዛባቸው ጃንጥላ ይዘው ነው የሚዞሩት አሉ። ኧረ ልጄ፣ እባክሽ ጎትጉቺያቸው። ማሽላው አንገቱን ደፍቷል።"

"እሺ ጋሼ።"

ማንን እንደምትጎተጉት ግን አታውቅም ነበር። ከማዶ ጋር ሰው ለሰው አውርታ አታውቅም። ሸጋው የሚባለውን የመስመር ጠጋኝ ጠራችውና ብልሽቱን እንዲፈልግ ላከችው። ሸጋው አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ቆየና ፊቱ አቧራ ለብሶ ተመለሰ።

"መሬማ፣ ነይ እስቲ። አንድ ጉድ ላሳይሽ።"

"ምን ተገኘ?"

"መስመሩን እየተከተልኩ ሄድኩ። ከግቢ አይወጣም።"

"አይወጣም ማለት?"

"አይወጣም ማለት አይወጣም ነዋ! ዕቃ ቤት ገብቶ ያልቃል።"

ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከተጠቀለሉት ድንኳኖች ጀርባ፣ አንዲት የዳቦ ቅርጫት የምታክል ሳጥን ተቀምጣለች። ማራገቢያዋ ተቃጥሎ ይሸታል። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "በአካባቢው ቦርድ ውሳኔ የተተከለ" ይላል፤ ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የጋሽ ይማም ነው፤ የቀድሞ አለቃዋ፣ አሁን ጡረታ የወጡት። ቀኑ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

አሥራ አንድ ዓመት! የርክክቡ ዓመት። መሬማ በደንብ ታስታውሰዋለች። ድንኳን ተጥሎ፣ ከማዶ የመጣች ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች "ከዛሬ ጀምሮ ውሳኔው የእናንተ ነው" ብላ ቁልፍ አስረክባ፣ እልልታው ቀልጦ ነበር። በሳምንቱ መሬማ ለጉልበቷ ደሴ ሆስፒታል ገባች። ከስምንት ወር በኋላ ስትመለስ ማዶ እንደድሮው መልስ ይልካል። በቃ፣ በአፍ ሰጡን፣ በእጅ ያዙት ብላ ዝም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታማቸው ኖራለች።

ጋሽ ይማም ጋ ደወለች።

"ጋሽ ይማም፣ ማዶ የታለ?"

"ተቃጠለ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"ምነው ጋሼ! ምነው እንዲህ ትጫወቱብናላችሁ?"

"ስሚኝ ልጄ። አንቺ ደሴ ተኝተሽ ሳለ ስድስት ወር በራሳችን ወስነናል። ለአንዱ ስንሰጥ ሌላው ቤቴን በድንጋይ ደበደበው። ባለቤቴ ስትሞት የገዛ እህቴ ለቅሶ አልደረሰችም፤ ደመና ከልክለኸኛል ብላ። ዘመድሽ አይደርስሽም ሲልሽ ትቀየሚያለሽ። ፈረንጅ ሲልሽ ግን እንደ ድርቅ ነው፤ አዝነሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሳጥኑን ያሠራነው ሲመረን ነው። ከኛ ትሻላለች፤ ተራ ብቻ ነው የምትቆጥረው።"

"አርባው ደቂቃስ?"

"እሱ የኔ ሐሳብ ነው። ወዲያው ብትመልስ ማዶ ደርሶ መጣ ብሎ ማን ያምናል?"

"እውነተኞቹ ማዶዎችስ? አያውቁም?"

"በዓመት አንዴ ይጽፋሉ። ውሳኔን ለሕዝቡ በማስረከብ አርአያ ናችሁ ይላሉ። ምስክር ወረቀቱ እኮ ግድግዳሽ ላይ ነው።"

እውነትም ግድግዳው ላይ ነበር። መሬማ ለመቆጣት ፈለገች፤ አቅም አጣች። ይበልጥ ያደከማት የሰማችው ነገር አልነበረም። እሷም ተመችቷት ኖሯል! ያቺን "አንቺ ምን ታደርጊ" የምትለዋን ቃል ይህን ሁሉ ዓመት ስትደገፍባት ኖራለች። ሥልጣኑ ለኛ ይሁን ብለው የጮኹት ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ የፈለጉት ግማሹን ነው፤ መስጠቱን። መከልከሉን ማዶ ይያዝላቸው።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሸጋው በሩ ላይ ቆሟል።

"ማራገቢያውን ከወልድያ አስመጣለሁ፤ ግን ነገ ነው" አላት። "ለዛሬ አንቺው ወስኚና ማዶ ብሏል በያቸው። እኔ እንደሆነ ምንም አላየሁም።"

መሬማ መዝገቡን ገለጠች። ቀይ ጭቃ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠጥቷል። ግራር ውሃ ሁለት ጊዜ ታልፏል። ይኼን ለማየት ሳጥን አያስፈልግም ነበር። ሳቢውን ወደ ግራር ውሃ አዘዘች። ገመዱ ተፈታ፤ ደመናውም ቀስ እያለ ከመስኮቱ እይታ ወጣ።

ከዚያ ስልኩን አነሳች።

"ጋሼ፣ ለግራር ውሃ ሆኗል።"

"አይ ማዶ!" አሉ ጋሽ ሙሔ። "እንዲያው ምን በድለናቸው ነው? ግድ የለም፣ አንቺ ምን ታደርጊ።"

እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ አልቆ ነበር። ሸጋውም ዝም በይ እያለ በእጁ ይጠቁማታል።

"ጋሼ፣ ማዶ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"የወሰንኩት እኔ ነኝ። ማዶ መወሰን ከተወ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማዶ ብሏል እያልን እዚሁ በማሽን ስናስወስን ኖረናል። እናንተ በቀደም አግኝታችኋል፤ እነሱ ሁለት ጊዜ ታልፈዋል።"

"ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ማሽላዬ ይደርቃል።"

"አውቃለሁ።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጉብኛል ብላ ጠበቀች። አልዘጉም፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል።

"ነገ እመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"ለምን ጋሼ?"

"ለመጣላት ነዋ! ይኼን ሁሉ ዓመት የምለው ሞልቶኝ፣ ማዶ ድረስ በምን ልሂድ? አንቺ ጋ በአውቶቡስ ይደረሳል።"

መሬማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ይምጡ" አለች።