አልወጣም ያለችው ንግሥት

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ውሸት ነው የሚል ካለ ቡታጅራ ይሂድና የአክስቴን ልጅ እየሩስን ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠይቃት። የሆነ ነገር ነው።

ሌሊት ነበር፣ ውሻ ያላዝን ነበር ምናምን አልላችሁም። ጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። መናኸሪያው ጀርባ ባለችው የኪራይ ክፍሏ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል።

እየሩስ ገባ ስትል...

የሣለቻት ሴት ዓይኗን ጨፍናለች።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እየሩስ ሰዓሊ ናት፣ ያውም እጇ የተባረከ። የምትሠራው ግሩም የሚባል ሰውዬ ማስታወቂያ ቤት ተቀጥራ ነው። ሰሌዳውንም ሥዕሉንም የምትሠራው እሷ፣ የሚፈርመው እሱ!

"ስም ያለኝ እኔ ነኝ፣ አንቺን ማን ያውቅሻል?" ይላታል። ዓይን አውጣ።

ይሄኛውን ግን በራሷ ሸራ፣ በራሷ ቀለም፣ ቤቷ ነው የጀመረችው። በስሟ የሚወጣ የመጀመሪያ ሥዕሏ ነበር።

የሣለችው የጥንቱን የፋርስ ቤተ መንግሥት ነው። ቡታጅራ ተቀምጣ ፋርስን ምን አመጣባት እንዳትሉኝ። አባቷ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። የፋርሷን ንግሥት የአስጢንን ታሪክ እየነገሩ ነው ያሳደጓት። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር ሲጠጣ ሰንብቶ "ሚስቴን አምጧት፣ ውበቷን ይዩልኝ" አለ። እሷ አልወጣም አለች። በዚህ ምክንያት ዘውዷን ተቀማች።

አባቷ አስጢንን ሲሥሏት ሁልጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነበር። የድሮ ሰዓሊዎቻችን ደንብ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይን።

ይሄ እየሩስን ከልጅነቷ ጀምሮ ያንገበግባታል። ሰካራም ፊት አልቆምም ማለት ምኑ ነው ክፋቱ?

የፋርስን የድንጋይ ቅርጽ ስልኳ ላይ እያየች ዓምዱን ሣለች፣ አንበሳውን ሣለች፣ ግብር ተሸክሞ የተሰለፈውን ወንድ ሁሉ ሣለች። ካየችው ድንጋይ ሁሉ ግን አንዲት ሴት እንኳ አላገኘችም። ይሄኔ ይብስ በገነች። አስጢንን መሃል ላይ፣ ከሣለችው የእልፍኝ መጋረጃ ወዲህ፣ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት አቆመቻት።

በማግስቱ ነው ጨፍና ያገኘቻት።

"ግሩም ነው። ሰው ልኮ ነው" አለች። ቁልፉን ቀየረች። ዓይኖቹን እንደገና ገለጠቻቸው።

በሚቀጥለው ቀን ፊቷ ወደ ጎን ዞሯል...

በጣቷ ነካችው። የዘይት ቀለም እንዲህ ቶሎ አይደርቅም። ይሄ ግን ድርቅ ብሏል፣ ዓመት ያለፈው ይመስል።

ጎረቤቷ ሀጀራ ሳሙና ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

"እየሩስ..."

"አቤት።"

"ሴትየዋ ቅድም ከመጋረጃው ወዲህ አልነበረችም?"

እየሩስ ቀና አለች። ንግሥቲቱ የለችም። መጋረጃው ተዘግቷል። ጫፉን የያዘች አንዲት እጅ ብቻ ቀርታለች። እንሶስላ የሞቀች እጅ።

እየሩስ እንሶስላ አልሣለችም።

"ቢስሚላህ" አለች ሀጀራ በሹክሹክታ፣ ሳሙናውንም ትታ ሄደች።

እየሩስ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቷ ያዞሯት ክፉ ናት ብለው እንዳልነበረ ያኔ ገባት። መታየት ስላልፈለገች ነው። "እኔም እንደ ንጉሡ ልጎትታት ነበር" አለች። ቡርሹን አጥባ አስቀመጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግሩም መጣ።

ወልቂጤ አዲስ ሆቴል ሊመረቅ ነው። እሱ ሆዬ "የፋርስ ንግሥት" የሚል ሥዕል አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። የማንን? የሷን!

"ሴትየዋስ የታለች?"

"አትወጣም። ጋሼ፣ ይቅርብህ።"

ሳቀባት። በቡርሿ፣ በቀለሟ፣ ዓይኗ እያየ ጥጉ ላይ "ግሩም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጠቅልሎ ሄደ።

ደሟ ፈላ። ሚኒባስ ተሳፍራ ተከተለችው።

የሆቴሉ አዳራሽ ሙሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል። ግሩም ሥራዬ፣ ድካሜ እያለ ሲደሰኩር ብድግ አለች።

"ሥዕሉ የኔ ነው።"

"ሠራተኛዬ ናት" አለ ለእንግዶቹ፣ ፈገግ ብሎ። "ትንሽ ያማታል።"

ጨርቁን ገፈፈው። መጋረጃና እጅ...

"ንግሥቲቱስ?" አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ።

ግሩም አፈረ። ነገሩን ቀልድ ሊያደርገው ፈለገና የተሣለችውን እጅ በእጁ ሸፈነ።

"ነይ ውጪ እንጂ፣ እንግዳ አይጠብቅም!"

እንግዶቹ ሳቁ። እሱ ግን እጁን ሊያነሳ ሞከረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ልቀቂኝ..." አለ ቀስ ብሎ።

ማንም አልያዘውም። ሸራው ተንቀጠቀጠ። እጁን በኃይል ሲጎትት ወደ ኋላ ተንገዳገደ፣ የተጨበጠ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ በጓሮ በር ወጣ። ሸራው ላይ የቀረው መጋረጃ ብቻ ነው። እጅ የለም።

እየሩስ ሥዕሏን አውርዳ ስትሄድ ያስቆማት ሰው የለም። ቤቷ ገብታ የሱን ስም ፍቃ የራሷን ጻፈች።

ከሳምንት በኋላ ሚስቱ ደወለች። "እባክሽ ነይለት" አለቻት እያለቀሰች። ሄደች።

ግሩም አልጋው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በነጠላ ተጠቅልሏል። ሐኪሞቹ የተጨበጠውን እጅ ሊከፍቱት አልቻሉም።

"ጨብጬ አይደለም" አላት በሹክሹክታ። "ተይዤ ነው።"

ነጠላውን ፈታው።

በጣቶቹ መሃል ሌሎች ጣቶች አሉ። ቀጫጭን... እንሶስላ የሞቁ... ከሱ እጅ ጋር የተቆላለፉ። ክንድ የላቸውም።

"ለምኚልኝ። ትልቀቀኝ።"

እየሩስ ፈራች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ።

"ሥዕሉ የማን ነው?"

"ያንቺ ነው" አለ።

አንዷ ጣት ቀስ ብላ... ተነሳች።

"ሌሎቹስ ሥዕሎች የማን ናቸው?"

ሚስቱን አያት። በሩን አየ። ሚስቱ ፊት ማመን አቅቶት ከንፈሩን ነከሰ።

የተነሳችው ጣት ተመልሳ ተኛች። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጠበቁ፣ የአጥንት ድምፅ ተሰማ።