«አሁን!» የምትለው ሴት

ሸንኮራ አገዳ በሚጨመቅበት ሳምንት ኤርሚንዳ እንቅልፍ የሚባል አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከትልቁ የብረት ድስት አጠገብ የቆመችው እሷ ናት። በሳንታንዴር ኮረብታዎች ላይ የአባቷ የዶን ኤሊየሰር ፓኔላ፣ ያ ቡናማ የስኳር ጡብ፣ እንደ ማር የሚያበራው በእሷ ድካም ነው።

ሌላው ቤት ጭማቂውን በኬሚካል ዱቄት ያነጣዋል። እነሱ ግን የባልሶ ዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው ውሃ ውስጥ ይነክሩና ዝልግልጉን ያፈሱበታል። ዝልግልጉ ቆሻሻውን አቅፎ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በጭልፋ መግፈፍ ነው። ጭንቁ ሰዓቱ ላይ ነው። ዝልግልጉ ጭማቂው ሳይሞቅ ከፈሰሰ ቆሻሻውን አይዝም። ከፈላ በኋላ ከፈሰሰ ደግሞ ቆሻሻው ተበጣጥሶ እዚያው ይቀራል፣ ፓኔላውም ጥላሸት ይመስላል። እንፋሎቱ በእጇ ጀርባ ላይ ሲከብዳት «አሁን!» የምትለው ኤርሚንዳ ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

አንድ ቀን አንሴልሞ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከቡካራማንጋ ዩኒቨርሲቲ በሞተር ብስክሌት መጣ፤ ከኋላው የበረዶ ሳጥን አስሯል። ጭማቂ ቀድቶ ሊወስድ ነው።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለችው።

«የቆሻሻውን ቻርጅ ልለካ።»

«ስልክ ነው እንዴ?»

ሳቀ። «እያንዳንዷ ብናኝ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለብሳለች። ስለዚህ አንዷ ሌላዋን ትገፋለች፤ አይጠጋጉም፣ አይዘቅጡም። ልጡ ሲገባ ነው የሚያያዙት።»

«እንደ እኔና እንደ አባቴ በለኛ! ለእኛ የሚሆን ልጥ የለህም?»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጣ። አንድ ቀን የተቃጠለ እጇን አየና «ሰዓቱን በቁጥር ባገኘው ሌላ ሰው ድስቱን ይጠብቅልሽ ነበር። አንቺም ትተኛለሽ» አላት።

ዓይንሽ ያምራል የሚል ወንድ ሞልቷል። እንቅልፍ ማጣትሽ አሳዘነኝ ያላት ግን አንድም አልነበረም። ኤርሚንዳ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች፤ የቀላችው ከእሳቱ እንዲመስል።

አንሴልሞ ሊያገባት አባቷን ጠየቀ። ዶን ኤሊየሰር ባርኔጣውን እንኳን አላነሳም።

«እሷን ወስደህ ድስቱን ማን ይጠብቅልኝ? አንተ?»

«ሰዓቱን በቁጥር እሰጥዎታለሁ።»

«ስጠኛ! ከሰጠኸኝ ውሰዳት።»

በተቀጠረው ቀን አንሴልሞ የዩኒቨርሲቲው መለኪያ ማሽን የነገረውን ይዞ መጣ፤ ልጡ ገና በቀዝቃዛው ይፍሰስ፣ ግማሹም ይበቃል አለ። ኤርሚንዳ ቀዝቃዛውን ጭማቂ በእጇ ነካች። ልጡን ግን እሱ እንዳለው አፈሰሰች። ጭማቂው ፈላ፣ ቆሻሻው አልወጣም፣ ፓኔላው ጠቆረ። ዶን ኤሊየሰር አንዱን ጡብ ሰብሮ አንሴልሞ እግር ሥር ወረወረው።

«ለአሳማ ስጠው፣ ኢንጂነር። አሳማውም ከበላልህ!»

አንሴልሞ ሄደ። ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ኤርሚንዳ ግፈፋዋን ቀጠለች፤ ክንዷ እንደ እርጥብ እንጨት ከብዷት።

ሲመለስ የበረዶ ሳጥን አልያዘም፤ አንድ ረጅም ቴርሞሜትር ብቻ።

«የት ሞተህ ነበር?»

«ስህተቴን ስፈልግ።»

«እኔን ብትጠይቀኝ በሁለት ቃል እነግርህ ነበር።»

«ጭማቂውን በበረዶ ወስጄ በቀዝቃዛ ክፍል ለካሁት። ብናኟ ሲሞቃት ሌላ ናት፤ ቻርጇም ይለወጣል፣ ሩጫዋም ይጨምራል። የቀዘቀዘውን ጠይቄ በሞቀው ላይ ፈረድኩ።»

«አውቄ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያልከው እውነት እንዲሆንልኝ ፈልጌ።»

ሁለቱም ድስቱን ያዩ ጀመር፤ እርስ በርስ መተያየት ከበዳቸው።

ያን ሳምንት አጠገቧ ቆመ። እሷ «አሁን!» ስትል እሱ ከቴርሞሜትሩ ዲግሪውን ያነባል። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ዘጠኝ። ደግሞ ሃምሳ ስምንት። እጁንም እንደ እሷ እንፋሎቱ ላይ ይዘረጋል፤ እስኪላጥ ድረስ። ዶን ኤሊየሰር ፓኔላው የሚፈስበትን ቅርጽ እያጠበ በጎን ያያል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤርሚንዳ ጭልፋውን አስቀመጠች። ከድስቱ አጠገብ የደረቀ የአገዳ ክምር ላይ ተቀመጠች። አንሴልሞ አንድ እጁን እንፋሎቱ ላይ እንደዘረጋ አጠገቧ ተቀመጠ። ራሷ ትከሻው ላይ ወደቀ። ዓይኗ ተከድኖ እንኳን ጆሮዋ ድስቱን ይጠብቃል፤ አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ጆሮ መች ያርፋል! ጭማቂው ማጉረምረም ሲጀምር አፏን ልትከፍት ነበር።

«አሁን!» አለ አንሴልሞ።

ዶን ኤሊየሰር ባልዲውን እንዳነሳ ቀጥ አለ። አንሴልሞን አላየም፤ ልጁን ኤርሚንዳን አየ። ኤርሚንዳ አንድ ዓይኗን ገልጣ አዳመጠች። ልክ ነው። ዓይኗን መልሳ ከደነች።

አባቷ ልጡን አፈሰሰ። ጥቁር አረፋ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ ተነሣ፤ ከሥሩ ጭማቂው ጠርቶ ታየ።

«ምን ትጎለታለህ? ጭልፋውን ያዝና ግፈፍ እንጂ!»

«አልችልም፣ ዶን ኤሊየሰር» አለ አንሴልሞ በሹክሹክታ። «ተኝታለች።»

ሽማግሌው ባልዲውን አስቀመጠ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ጭልፋውን ራሱ አነሳ።