ተለክተሻል?

ልብስ ሰፊዋ ሰው ስትለካ አፏ ሥራ አይፈታም። «ሆድሽን ወደ ውስጥ አትሳቢ እንጂ፤ ቀሚስ ለብሶ መተንፈስም አለ!» እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች። ሰውን ሁሉ ስትለካ ውላ ግን ራሷን የሚለካት አልነበረም። ሆዷ ገፍቷል፤ የክትትል ቀጠሮዋ ካለፈ ሰነባብቷል።

ያስቀራት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አማቷም አሉበት። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም፤ ምራታቸውን እንደ ልጃቸው ይወዷታል። ችግሩ ሁሉን አውቃለሁ ባይ መሆናቸው ነው። ታይሮይድ ለሚሉት የአንገቷ ዕጢ ትወስደው የነበረውን ኪኒን፣ ገና ማርገዟን ሲሰሙ «ጽንሱን ይመርዝብሻል» ብለው አስጣሏት። ድካም ሲጥላት «ሰነፍሽ» አሏት። ፊቷ ሲያብጥ ደግሞ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «አማረብሽ! ፊትሽ እንዴት ሞላ!» ጎረቤቱም ተቀበላቸው። እሷስ ብትሆን ሙገሳ ማን ይጠላል? አመነች።

አንድ ጠዋት ጨርቅ ስትቆርጥ አውራ ጣቷ ከመቀሱ እጀታ አልወጣ አለ። ስንት ዓመት የሠራችበት የገዛ መቀሷ ነው። በሳሙና አሟልጣ ስታወጣው የብረቱ ቅርጽ ጣቷ ላይ ሰርጉዶ ቀረ። መቀስ መቼም አይጠብም። ከማለዳው ጀምሮ ራሷን ሲፈልጣት ነበር፤ የመርፌው ቀዳዳም ብዥ አለባት። ፈራች።

«እማማ፣ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው።»

«ደግሞ ለምኑ? ያላበጠች እርጉዝ የት አየሽ? ጋደም በይ፣ ይተውሻል።»

«ዓይኔም ብዥ እያለብኝ ነው።»

«መርፌ ላይ አፍጥጠሽ ስለምትውዪ ነዋ! እዚያ ከሄድሽ በኪኒን ነው የሚሞሉሽ። በልጄ ልጅ አትቀልጂ!»

ይኼኔ ደሟ ፈላ። «የልጅዎ ልጅ ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው! እኔ ከሞትኩ ማን ሆድ ውስጥ ሊያድግልዎ ነው? አማረብሽ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ከረምኩ፤ ከእንግዲህ ቁንጅናው ይቅርብኝ። ቢፈልጉ ይከተሉኝ፣ ባይፈልጉ ይቀመጡ። እኔ ሄጃለሁ!»

አማትየዋ እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ሐኪሟ ግፊቷን ለካች፤ ደግማ ለካች። ሽንቷንና ደሟን አስመረመረች።

«እህቴ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም። በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ነው፤ ሽንትሽ ውስጥም ፕሮቲን ተገኝቷል። ዛሬ ወደ ቤት የለም፣ እዚሁ ተኝተሽ ትታከሚያለሽ። የአንገትሽ ዕጢም በጣም ደክሟል።»

አማትየዋ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ። «ኪኒኑን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ግፊቱን ያመጣሁባት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«እሱ ነው ያመጣው ብዬ አልምልም፣ እናቴ። ዕጢዋ የደከመ እርጉዝ ግን ለግፊት ይበልጥ ትጋለጣለች። ጽንሱ ራሱ መጀመሪያ አካባቢ የሚያድገው የእናቱ ዕጢ በሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ኪኒኑም የሚተካው ይህንኑ ነው። እርስዎ መርዝ ያሉት ስንቁ ነበር።»



ሕፃኗ ቀኗ ሳይሞላ ተወለደች፤ ቁራጭ ነገር ብትሆንም ጩኸቷ ክፍሉን አናወጠው። እናትየዋም በሕክምና ተርፋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሁሉም ግን እንዲህ አይተርፍም። እናንተ «አማረብሽ» ባዮች፣ የእርጉዝ ፊትና እጅ ድንገት ሲያብጥ፣ ራሷን ሲፈልጣት፣ ዓይኗ ሲደበዝዝ ማሞገሳችሁን ተዉና ሐኪም ቤት አድርሷት! አንቺም ብትሆኚ ፈቃድ አትጠብቂ።

በቀደም አንዲት እርጉዝ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። አንዲት ጎረቤት «ውይ፣ ፊትሽ ሞላ፣ አማረብሽ!» ከማለቷ ሕፃኗን የታቀፉት አማት ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ዝም በይ አንቺ! ልጄ፣ ተለክተሻል?»

እርጉዟ ሜትሩን አየት አድርጋ «ገና ነኝ፣ ተራ እየጠበቅኩ ነው» አለች።

«ቀሚሱ የትም አይሄድም፤ ግፊትሽን ነው የምልሽ! የጀመርሽው ኪኒን ካለም ሐኪም ሳይነግርሽ እንዳታቋርጪ። እንደ እኔ ያለች አማት ከመጣችብሽ በሩን ዝጊባት!»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

«ሰምተሻል። ሐኪም ቤት ሳትለኪ እኔ አልለካሽም።»