ዜሮ ኪሎ ሜትር

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የሐምሌው ዝናብ አባርቷል፣ የቃሊቲ ሰማይ ግን አልጠራም። ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ከጋራዡ ስትደርስ የመካኒኩ የገብረጻድቅ አስከሬን በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። የተገኘው በሩ በተዘጋ ጋራዥ፣ ሞተሯ በሚሠራ መኪና ውስጥ ነው፤ የገደለው ጭሱ ነው።

በሩን ከውስጥ ተቀርቅሮ እንዳገኘውና በትከሻው ገፍቶ እንደገባ የተናገረው አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ሳህሌ ነው። ወንድሙ ሰሞኑን ከፍቶት እንደነበር፣ ሌሊቱንም እንዳልተኛ፣ መኪናዋንም ማንም ሳይነካት ዝም ብሎ ገብቶ እንዳስነሳት ተናገረ። ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ደብሩ ደረሰ። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት እንደማይደረግ ካህኑ ለእናቲቱ ነገሯቸው።

እናቲቱ ወይዘሮ ብዙወርቅ አላለቀሱም። የኢንስፔክተሯን እጅ ይዘው፣ «ልጄ፣ መሞቱን እችለዋለሁ» አሏት። «ያለ ፍትሐት መጣሉን ግን አልችልም። ሌሊቱንም ያልተኛው ከፍቶት አይደለም፤ ማኅሌት ቆሞ ነው ያደረው።»

የመኪናዋ ባለቤት ረሻድ ከገላን ኮንዶሚኒየም ተጠርቶ መጣ። ጠዋት ከሟች ጋር ሲነታረክ ጎረቤት ሰምቶታል። ረሻድ አልካደም፤ መኪናዋ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር እየጠፋች ስላማረረችው ጮኾበት ነበር።

«እሱስ ምን አለህ?»

«ሳቀብኝ። ‹የአየር ማስገቢያዋ ቆሽሾ ነው። አጥቤ ትውስታዋን አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሀ ሁ እንጀምራለን› አለኝ።»

«ራስህ ነድተህ ነው ያመጣሃት?»

«ከቤቴ እስከዚህ። ሦስት ሰዓት ላይ።»

ያለምወርቅ የመኪና ኮምፒውተር የመዘገበውን የሚያነብ ስካነር አስመጥታ መኪናዋ ላይ አሰካችው፤ የወጡትን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ የውስጡን መቀርቀሪያ በሁለት እጇ ሳበችው። እንደተከፈተ ዝጎ ተጣብቋል፤ አልነቃነቅ አላት። ወደ እናቲቱ ለማየት አልደፈረችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቲቱን፣ ሳህሌንና ረሻድን በመኪናዋ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ሞተሯን የሚመራ ኮምፒውተር አላት» አለች። «ባትሪዋ ሲነቀል የለመደውን ይረሳል። ሲመለስላት፣ ቆማ ስትሠራ ምን ያህል አየርና ነዳጅ እንደሚበቃት እንደ አዲስ ይለምዳል። ይህ ኮምፒውተር ከረሳ ወዲህ የተሄደው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። ረሻድ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከገላን ነድቷታል። ስለዚህ ትውስታው የጠፋው ዛሬ፣ እዚህ ነው። ማንም አልነካትም የተባለው እውነት አይደለም።»

ሳህሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ያለ ምንም ጭነት፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው በርቶ፣ በመጨረሻም በእጅ ፍሬን ተይዛ አውቶማቲክ ማርሹ ገብቶ ሠርታለች፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ለምዷል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ተራ በተራ አስተምሮታል። ሊሞት የቆረጠ ሰው መኪና አያስተምርም። እኛ ስንደርስ ግን ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ ማርሹ ወጥቷል፤ መፍቻዎቹም ቦታቸው ተሰቅለዋል። ሥራ ላይ ነበር ከተባለ በሩን ማን ዘጋው ተብሎ ይጠየቃልና ሥራውን የደበቀ ሰው አለ። የውስጡ መቀርቀሪያ ከዓመታት ወዲህ አልተነካም። በሩ የተቆለፈው ከውጭ፣ በጓጉንቸር ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ሳህሌ?»

ሳህሌ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መኪናዋ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተናገረ። ለምሳ ሲወጡ የመጨረሻው ሰው ይቆልፋል፤ ልማዳቸው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሞተሯን ድምፅ አልሰማም፤ ወንድሙ ቀድሞት የወጣ መስሎት ነበር። እንቅልፍ ያጣው ገብረጻድቅ ግን መሪው ላይ አሸልቦ ነበር።

«እማዬ» አለ፣ «ገደልኩት ማለት አቃተኝ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«ትወስጂዋለሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወንድሙን ይሸከምና ውሰጂው።»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሳህሌ በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ የወንድሙን አስከሬን ተሸከመ፤ ገብረጻድቅ ፍትሐት ተደርሶለት ተቀበረ።