የእንቁ መደዳ

«ጋሽ በለጠ፣ መጋዙን ያስቀምጡ።»

እንቁ የደብተር ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጓሮው ቡና ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጉልበት በታች ተቆርጦ ነው የጠበቃት። ጎረቤታቸው ጋሽ በለጠ ከግንዶቹ መሃል ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ምን አጠፋሁ?»

«እማዬ ከአብዱናስር ቀብድ ተቀበለች አይደል? ጫት ሊተከልበት ነው።»

አብዱናስር ጫት ነጋዴ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ ቡናውን ነቅለው ጫት ከተከሉ ቀብድ እንደሚሰጥ ለእናቷ ሲነግራት እንቁ ሰምታለች።

«የሚነቀል ነገር ታዲያ በመጋዝ ይቆረጣል? ዘጠነኛ ክፍል ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አሉ ጋሽ በለጠ። «ጉንደላ ነው፣ ልጄ። ያረጀ ቡና እንዲህ ሲቆረጥ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። በሦስተኛው ዓመት ደህና አድርጎ ይለቀማል። ያዘዘችኝ እናትሽ ናት።»

እንቁ ግንዶቹን አየች። የተከላቸው አባቷ ነበር። ነሐሴ ላይ ሲሞት አላለቀሰችም። አሁንም ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም።

አጥሩ ሥር አንድ መደዳ ሳይቆረጥ ቀርቷል። ስድስት እግር ቡና።

«እነዚህስ?»

«ያንቺ ናቸው። ራሷን ጠይቋት ብላኝ ገበያ ሄደች።»

አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት አባቷ የሰጣት ናቸው፤ ፍሬያቸው ተሸጦ የሚገኘውም ገንዘብ የእሷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለስልክ አጠራቅማለች። ጭሮ ከተማ ያየችው ስልክ አምና ስምንት ሺህ ነበር፣ ዘንድሮ አሥራ አራት ገብቷል። ዘንድሮ ደግሞ ስድስቱም ተለቅመው አንድ ቁና አልሞሉም።

«ሦስት ዓመት» አለች። «ያኔ ስልኩ ስንት ይገባል?»

«የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ ወደ እኔም ላኪው። የስኳሩን እጠይቀዋለሁ።»

አንዱን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ አየችው። ጫፉ ላይ አራት ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ለቀቀችው። ቦርሳዋን አውርዳ ግንድ ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

መጋዙን ሰጧት። «ሰያፍ አድርጊው፣ ውሃ እንዳይቋጥር።»

የመጀመሪያው ካሰበችው በላይ ቶሎ ወደቀ። ወደ ሁለተኛው ዞረች። ሦስተኛው ላይ ክንዷ ደከመና ቀና አለች።

«እርስዎስ ቡናዎን ለምን አልጎነደሉትም?»

ጋሽ በለጠ ከአጥሩ በላይ ወደ ራሳቸው ጓሮ አዩ።

«እኔማ ሦስት ዓመት ማን ይጠብቃል ብዬ ነቅዬ ጫት ተከልኩበት» አሉ። «ይኸው የጫቱ ዋጋ እስኪስተካከል ስጠብቅ ስድስተኛ ዓመቴ።»